ቀለሜ የነበራችሁ፣ ያኔ ያበዳችሁበትን ነገር አሁንም ትነካኩታላችሁ?

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሰው ኳስ ሲያወራ እኔ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነጥብ እሞላ ነበር። የኮንዌይ «ላይፍ» ይባላል። ጆን ኮንዌይ የተባለ የሂሳብ ሊቅ ያመጣው ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ማርቲን ጋርድነር በመጽሔት ዓምዱ ላይ ጻፈውና ዓለም አወቀው። ሕጉ አጭር ነው። ሕያው የሆነ ካሬ ሁለት ወይ ሦስት ሕያው ጎረቤት ካለው ይቀጥላል፣ ካነሰ ወይ ከበዛ ይሞታል። ባዶ ካሬ ልክ ሦስት ሕያው ጎረቤት ካለው ይወለዳል። በቃ። ከዚህ በኋላ ያንተ ሥራ መቁጠር፣ መሙላትና ማጥፋት ነው። «ግላይደር» የምትባል ባለ አምስት ነጥብ ቅርጽ አለች፤ በየአራት ትውልዱ አንድ ካሬ በሰያፍ ትራመዳለች። በእርሳስና በላጲስ ስታራምዳት ገጹን አቋርጣ እስክትወጣ ድረስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ ማስረዳት አቃተኝ፣ ሙድ ተያዘብኝ፣ አለፈ።

አሁን ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ። የድሮ ቀለሜዎች ተሰብስበው ሲያወሩ ታሪኩ ሁሌ አንድ ዓይነት እየሆነብኝ ነው። ያኔ ተሳቀብን፣ ዛሬ ግን በሳቁብን ሰዎች ላይ አለቃ ሆንን፣ ኮድ ጻፍን፣ ገንዘብ ሠራን። ይሄ ታሪክ አይመቸኝም። ግላይደር ሥራ አላስቀጠረችኝም፣ ፈተና አላሳለፈችኝም። ያደረግኩት ደስ ስለሚል ነው። ለዚያ ጊዜ የዛሬ ደሞዝ ምስክር ሆኖ መቆም የለበትም ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ እናንተ በምን አበዳችሁ? ዛሬስ?

(ምላሹ በዝቶ ስለተዘበራረቀ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች ጨምቄዋለሁ። አስተያየቴን መደበቅ አልቻልኩም፣ ቻሉኝ።)

ምላሽ 1፦ የሩቢክ ኪዩብ፣ ማለትም ፊቶቹን እያሽከረከሩ እያንዳንዱን ፊት ወደ አንድ ቀለም የሚመልሱት እንቆቅልሽ፣ ሰው ነው። ሰላምታ አቅርቦ፣ አመስግኖ ነው የጀመረው። ኪዩቡ እስከ ዛሬ የሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ስብሰባ ሲረዝምበት ከጠረጴዛ ሥር እጁ ብቻውን እንደሚፈታው አወራ። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አስተምረኝ ቢሉት አይችልም። ቅደም ተከተሉ ከአእምሮው ጠፍቶ እጁ ላይ ብቻ ቀርቷል። መሃል ላይ ካቋረጡት ከየት እንደሚቀጥል ስለማያውቅ ሁሉንም አበላሽቶ እንደገና ይጀምራል።

ምላሽ 2፦ እሱም በጨዋ ጀመረ፣ ግን ቶሎ ወደ ጉራ ገባ። ኪዩቡን ያለማንም እርዳታ እንደፈታ፣ እውነተኛ ቀለሜ ማለት ያኔ እንዲህ ያለው እንደነበር፣ የዛሬ ልጆች ግን ቪዲዮ አይተው ስለሚገለብጡ ምንም እንዳልሠሩ ጻፈ። በመሃል ኪዩቡን በ1980 አንድ የሂሳብ ሊቅ እንደፈለሰፈው ጣል አደረገ። እንዲህ ባለ የውይይት ክር ውስጥ የተሳሳተ ዓመት መጣል ምን እንደሚያስከትል የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ምላሽ 3፦ ብዙም አልቆየ። ኤርኖ ሩቢክ ቡዳፔስት ውስጥ የሚያስተምር አርክቴክት እንደነበረ፣ ኪዩቡን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1974 እንደሆነ፣ 1980 ግን በዛሬ ስሙ ለዓለም ገበያ የወጣበት ዓመት እንደሆነ አስተካከለ። ሩቢክ ራሱ የገዛ ሥራውን ለመፍታት አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። በ1981 ደግሞ የመፍቻ መጻሕፍት በሚሊዮን ተሸጠዋል። ታዲያ ያን ሁሉ መጽሐፍ ማን ገዛው? ምላሽ 2 ብቻውን ፈትቶት ከሆነ ይበል፣ ግን የዚያን ዘመን ልጅ ሁሉ ጠቢብ፣ የዛሬውን ሁሉ ገልባጭ ማድረግ አያስኬድም ነው ነገሩ። እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ከመጽሐፍም ተማረው ከቪዲዮ፣ ጣት መልመድ አለበት፤ ያንን ደግሞ ማንም አይለምድልህም።

ምላሽ 4፦ ቁጥር ብቻ ይዞ መጣ። ኪዩቡ ሊይዘው የሚችለው አቀማመጥ 43,252,003,274,489,856,000 ነው። ከየትኛውም አቀማመጥ ተነስቶ ቢበዛ በ20 እርምጃ ሊፈታ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒውተር ተረጋግጧል። የጠየቀው ሰው የለም። መልካም ምሽት ብሎን ሄደ።

ምላሽ 5፦ የመጀመሪያው ተቃዋሚዬ፣ በክሩ ውስጥም ረጅሙ ጽሑፍ የእሱ ነው። ኮሞዶር 64 የምትባለዋ ኮምፒውተር ላይ ከመጽሔት እየገለበጠ ቤዚክ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ገጽ ሙሉ መስመር ጽፎ አንዲት ኮማ ስለጎደለች ብቻ አልሠራ ሲለው፣ ያችን ኮማ ፍለጋ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ሲሳካለት በካሴት ይቀዳል፣ በማግስቱ ካሴቱ አልነበብ ይላል። ዛሬ የሚበላው ከዚያ በተማረው ነው። ከደሃ ቤት ለወጣ ሰው ጨዋታው እንጀራ ቢሆንለት ማፈሪያ እንዳልሆነ፣ «ደስ ስላለኝ ብቻ» የሚለው አቋም የጠገበ ሰው አቋም እንደሆነ ቆጣ ብሎ ነገረኝ።

ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን አንድ ነገር አየሁበት። በጽሑፉ መሃል አንድ ሌሊት ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ግድግዳ እየነካች እንድትነጥር ለማድረግ ሲታገል ማደሩን፣ ሲነጋም ማንንም ቀስቅሶ ሊያሳይ ስላልቻለ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያያት እንደነበር ይተርካል። ያ ልጅ ደሞዝ አስቦ ነው ያደረው? እንጀራው በኋላ መጣ፣ ደግ ነው። ሌሊቱ ግን ከእንጀራው በፊት ነበረ።

ምላሽ 6፦ በሁለት መስመር ሁላችንንም ዝም አሰኘን። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያወሩት የተሳካላቸው ብቻ እንደሆኑ፣ ቀለሜ ሆነው ምንም ያልሆኑት የት እንዳሉ የሚጠይቅ እንደሌለ ጻፈ። እሱ ከእነሱ አንዱ ነው። የፓይን (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው፣ በ3.14 ጀምሮ የማያልቀው ቁጥር) አሃዞች ይሸመድድ ነበር፤ ዛሬ ከቁጥር ጋር የማይገናኝ ሥራ ላይ ነው፤ ሰልፍ ሲረዝምበት አሁንም በልቡ ይወጣቸዋል። ከነጥብ በኋላ 762ኛው ቦታ ላይ ስድስት ዘጠኝ ተከታትሎ ይመጣል፣ እዚያ ሲደርስ ፈገግ ይላል። ይሄ ምላሽ ከእኔ መነሻ ጽሑፍ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 7፦ ሽምደዳ እውቀት አይደለም የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። 355ን ለ113 ማካፈል ከነጥብ በኋላ ስድስት ትክክለኛ አሃዝ እንደሚሰጥ፣ ይህን በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊው ዙ ቾንግዢ ያውቀው እንደነበር፣ ከዚያ በላይ መያዝ የአእምሮ ብክነት እንደሆነ አስተማረን። ስለ ክፍልፋዩ የተናገረው ትክክል ነው። ሰውየው ግን ፓይን ሊጠቀምበት እንዳልያዘው ከላይ ተናግሮ ነበር፤ አላነበበም።

ምላሽ 8፦ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም ወዲያው ጋሼ ይላቸው ጀመር። ለምላሽ 7 በትህትና፣ ግን እያዋዙ፣ የዊሊያም ሻንክስን ታሪክ ነገሩት። ሻንክስ እንግሊዛዊ ነው፤ ዓመታት ሙሉ በእጁ እያሰላ እ.ኤ.አ. በ1873 የፓይን 707 አሃዝ አሳተመ። ትክክል የሆነው 527 ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስህተት ነው፤ ስህተቱ የተገኘው ሻንክስ ከሞተ ብዙ ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ ነው። ጋሼ ይህን ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ግማሹ ተማሪ ይስቅ እንደነበር፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ፊቱ ይቀየር እንደነበር፣ ከሁለተኞቹ ቀለሜውን ይለዩት እንደነበር አጫወቱን። ጡረታቸውን ይባርክላቸው።

ምላሽ 9 እስከ 12፦ እዚህ ክሩ ወደ ካልኩሌተር ታጠፈ፣ አነጋገሩም ሻከረ። 9ኛው የቲአይ-83 ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣች ግራፍ የምትስል ካልኩሌተር ናት፤ ለተጠቃሚ የምትተወው ማህደር 27 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ እሱ ግን ጨዋታ ይጽፍባት ነበር። መምህሩ ከፈተና በፊት የሁሉንም ካልኩሌተር ማህደር ያስጠፋና «ማህደሩ ጠፍቷል» የሚለውን ጽሑፍ ስክሪን ላይ እየዞረ ያያል። ልጁ ምን አደረገ? ያንኑ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈ። ቀመሮቹም ጨዋታዎቹም በሰላም ተቀመጡ።

10ኛው ይሄ ኩረጃ ነው፣ በኩረጃ የሚኩራራ ሰው ምን ሊሆን ነው ብሎ በቁጣ ተነሳ። 11ኛው ተከላካይ ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ የሚፈታ ፕሮግራም ለመጻፍ ቀመሩን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ውስጥ ኔጌቲቭ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ እንደሚያስፈልግ፣ ያንን የጻፈ ልጅ ደግሞ መኮረጅ እንደማያስፈልገው አስረዳ። አሳማኝ ነበር። 12ኛው ግን መጥቶ አፈረሰው። ካልኩሌተሮቹ በገመድ ይገናኛሉ፤ ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ልጅ ነው፣ በገመድ የወሰደው ግን ክፍሉ በሙሉ ነው። እሱ ራሱ ከወሳጆቹ አንዱ እንደነበረና ቀመሩን እስከ ዛሬ እንደማያውቀው አምኗል። 10ኛው አሸንፌያለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

ምላሽ 13፦ ይህችን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ቼዝ ትጫወት ነበር፣ ክበቡ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ልጅ እሷ ነበረች። መጀመሪያ የሄደች ቀን ከመቀመጧ በፊት ፈተኗት። ይሄ አከፋፈት ስሙ ማነው፣ ያኛው እርምጃ ለምን ስህተት ነው፣ ይሄን ታውቂያለሽ፣ ያንንስ። በዚያው ሳምንት ንጉሡን ከሩኩ ጋር ማቀያየር እንኳን የማያውቅ ወንድ ልጅ መጣ፤ ማንም አልፈተነውም፣ ወንበር ስበው አስተማሩት። ከውጭ ያሉት ተማሪዎች በቀለሜዎች ላይ ይስቃሉ፣ ቀለሜዎቹ ደግሞ በእሷ ላይ። መነሻ ጽሑፌ ውስጥ «ተሳቀብን» የሚለው ቃል ማንን ማንን እንደሚጨምር ልትነግሩኝ ትችላላችሁ ወይ ብላ አፍጥጣ ጠየቀች።

ምላሽ 14፦ መመለስ የነበረበት ሰው አልነበረም። «እህቴ» ብሎ ጀምሮ፣ ያኔ ሴቶች ለእንዲህ ያለ ነገር ፍላጎት እንዳልነበራቸው፣ ነገሩን ከሚገባው በላይ እንዳከበደችው መከራት።

ምላሽ 15፦ ራሷ ናት፤ እህቱ እንዳልሆነች ነገረችው። ፍላጎት እንደሌላት የተነገራት ሰው በር ላይ ቆማ ስትፈተን ታዲያ ምን ስትፈልግ ነበር ብላ ጠየቀችው። ዩዲት ፖልጋር እ.ኤ.አ. በ1991 በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ስትሆን የአሜሪካዊውን የቼዝ ሻምፒዮን የቦቢ ፊሸርን የዕድሜ ክብረ ወሰን እንደሰበረች፣ ያኔ ዜናውን ክበቡ ውስጥ ይዛ ስትሄድ ማንም ቀና ብሎ እንዳላያት ጨመረች። 14ኛው አልተመለሰም።

ምላሽ 16፦ አጭር፣ ግን ነጥብ ያስቆጠረ። ዛሬ በፍጥነት ኪዩብ የሚፈቱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ በጄሲካ ፍሪድሪክ ስም እንደሚታወቅ፣ ፍሪድሪክ ደግሞ ሴት እንደሆነች፣ ምላሽ 1ም ምናልባት በእሷ መንገድ ከጠረጴዛ ሥር እየፈታ ሊሆን እንደሚችል አስታወሰ።

ምላሽ 17፦ ምላሽ 1 ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ መስቀሉን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ንብርብር፣ ከዚያ የላይኛውን ፊት በአንድ ቀለም፣ በመጨረሻ ቦታ ማስተካከል። እጁን እያየ ነው የጻፈው መሰለኝ። አዎ፣ የእሷ ነው። አያውቅም ነበር።

ምላሽ 18፦ ከፈታኞቹ አንዱ እንደነበረ የነገረን ሰው። የ13ኛዋ ክበብ ውስጥ አልነበረም፣ የራሱ ክበብ ነበረው፣ ሥራው ግን ያው ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ ተገፍቶ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ዳኛ ስለነበር ዳኝነቱን ማንም እንዲካፈለው አልፈለገም። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ይቅር እንድትለውም አልጠበቀም። እንዲህ ነበርኩ ብሎ አስቀመጠው። ከዚህ በታች ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም።

ምላሽ 19፦ አየሩን የቀየረው የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሰው ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ ዕጣውን ባለ 20 ፊት ዳይ (በየፊቱ ቁጥር ያለበት የሚወረወር ጠጠር) ይወስናል። ተራኪ እሱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የዋሻ ካርታ ሲስል፣ ወጥመድ ሲያስቀምጥ ይከርምና ጓደኞቹ ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ ወደማይሆን አቅጣጫ ሄደው ካርታው በሙሉ ሳይታይ ይቀራል። ያው ቡድን ዛሬም በቪዲዮ ይገናኛል፤ ግማሾቹ አያት ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ፕሮባቢሊቲ የገባው ከዳይ ነው። አንድ ባለ 20 ፊት ዳይ በአማካይ 10.5 ያመጣል፤ ሁለት ወርውረህ ትልቁን ውሰድ ሲባል ደግሞ አማካዩ 13.825 ነው። አንዱ ተጫዋች ይህን አላምንም ብሎ አንድ ምሽት ሙሉ እየወረወረ ሲመዘግብ ጨዋታው ቀርቶ ሁሉም እሱን ከቦ ያየው ጀመር። በቡድኑ ታሪክ ውስጥ ምርጡ ምሽት ያ ነበር ይላል።

ምላሽ 20፦ ከርዕስ የወጣ ጥያቄ፣ ግን ማን ይከለክላል። ልጁ ሰማይ ማየት ስለጀመረች ምን ዓይነት ቴሌስኮፕ ይሻላል?

ምላሽ 21፦ መልሱ ቴሌስኮፑን ለጊዜው ተዉት ነው። ርካሽ ቴሌስኮፕ እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ልጅን ያስመርራል። ባለ 7 በ50 ወይም ባለ 10 በ50 ባይናኩላር (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው) ግድግዳ ላይ ተደግፎ ማየት ይሻላል። በእሱ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ማየት ይቻላል፣ ጋሊልዮ በጥር 1610 ያያቸውን ማለት ነው፤ በማግስቱ ስታይ ቦታ ቀያይረው ታገኛቸዋለች። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ በመሃል ስልክ ከከፈተች ከዜሮ ትጀምራለች። መብራት ካስፈለገ ቀይ ይሁን። በዚህ ክር ውስጥ ንጹህ ጥቅም ያለው ምላሽ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ምላሽ 22፦ ጋሼ ተመለሱ፣ እንቆቅልሽ ይዘው። የቼዝ ሰሌዳ 64 ካሬ አለው። በሰያፍ ተቃራኒ የሆኑትን ሁለት የማዕዘን ካሬዎች ቆርጠን እናውጣ፤ 62 ይቀራል። አንድ ዶሚኖ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካሬ ይሸፍናል። በ31 ዶሚኖ ሰሌዳውን መሸፈን ይቻላል?

ምላሽ 23፦ 62 ለሁለት ሲካፈል 31 ስለሆነ ይቻላል ብሎ ቸኩሎ መለሰ። ጋሼ እስቲ ሸፍነህ አሳየኝ አሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላም እየሞከረ ነበር።

ምላሽ 24፦ ካልኩሌተር በገመድ ወስጄ ነበር ያለው የ12ኛው ሰው፣ አይቻልም አለ። ተቃራኒ ማዕዘኖች ቀለማቸው አንድ ነው። ሁለት ነጭ ከወጣ 30 ነጭና 32 ጥቁር ይቀራል። ዶሚኖ የትም ቢቀመጥ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ይሸፍናል። ስለዚህ ሁለት ጥቁር ምንጊዜም ይተርፋል። ጋሼ አጨበጨቡለት።

ምላሽ 25፦ የቼዟ ልጅ ጥያቄውን አከበደችው። ማዕዘኑ ይቅርና ከየትም ቦታ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቢወጣስ፣ ሁልጊዜ መሸፈን ይቻላል? የ18ኛው ሰው አንዳንዴ ብቻ ነው የሚቻለው አለ፣ የ23ኛው ሁልጊዜ አለ፣ ግን ለምን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም። የ5ኛው፣ የጠገበ ሰው አቋም ነው ያለኝ፣ ነገ ጠዋት ሥራ እንዳለበት አሳውቆን ወረቀት ሊያመጣ ሄደ።

ምላሽ 26፦ የ5ኛው ሰው፣ ከካሬ ወደ ጎረቤት ካሬ እየሄደ 64ቱን ካሬዎች በሙሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ወደ ተነሳበት የሚመለስ መንገድ ስሎ መጣ። በዚያ መንገድ ላይ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቁ ነው የሚመጡት። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሲወጡ ቀለበቱ ለሁለት ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ያለው የካሬ ብዛት ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ይሆናል፣ ዶሚኖውን በመንገዱ ላይ እየደረደሩ መሄድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ይቻላል። ጋሼ ይህ የራልፍ ጎሞሪ ማረጋገጫ እንደሆነ ነገሩት። የ5ኛው ስሙን ሰምቶ አያውቅም። የቼዟ ልጅ ሥዕሉን ፈትሻ፣ አንድ ካሬ ሁለት ጊዜ ተረግጧል ብላ መለሰችበት፤ አሁን እያረመው ነው።